ቁምሳጥኑን ሳትስቡ ቀለም አትግዙ

ልጄ ሦስት ክረምት ሙሉ ሳለ። ሰኔ ሲገባ ይጀምረዋል፣ ማታ ማታ ይብስበታል፣ ጥቅምት ላይ በራሱ ጊዜ ይተወዋል። እኛ ደግሞ ያው እንደማንኛውም ሀበሻ ቤት "ብርድ ነው" ብለን ካልሲ ላይ ካልሲ እየደረብን፣ መስኮት እየጠረቀምን፣ በር ስር ጨርቅ እየወተፍን፣ ዝንጅብል በማር እያጠጣን ከረምን። ፋርማሲ ሄጄ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን የገዛሁበት ጊዜም አለ፣ አትፍረዱብኝ። በአራተኛው ዓመት ጳጉሜ ላይ ለእንቁጣጣሽ ቤት ስናጸዳ ምን እንደነካን እንጃ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ሳብነው። ግድግዳው ከወለሉ ተነስቶ እስከ ትከሻዬ ድረስ በሻጋታ ጠቁሯል፣ ምጣድ ስር ያለ ጥቀርሻ በሉት። የቁምሳጥኑ ጀርባ፣ ያ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፣ በጣቴ ጫን ሳረገው እንደራሰ ዳቦ ገባልኝ። ታችኛው መሳቢያ ውስጥ በፌስታል ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት ነጠላ ጥለቱ ላይ ሳይቀር ነጠብጣብ አውጥቷል። የልጄ ትራስ ከዛ ግድግዳ ሚርቀው አንድ ክንድ ነው።

ከዛ በኋላ ያላነበብኩት ያልጠየቅኩት የለም፣ ብርም አባክኛለሁ፣ ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀብቼ ሁለቴም ተመልሷል። እናንተ እንዳትደግሙት የገባኝን ልጻፍላችሁ። ዋናውን አስቀድሜ ልበለው፣ ሻጋታ ካለ የሆነ ቦታ ውሃ አለ ማለት ነው፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ በረኪና ብታፈሱ፣ ቀለም ብትቀቡ፣ ዕጣን ብታጨሱ ሰኔ ላይ እዛው ናችሁ።

ሻጋታ ያው መሶብ ውስጥ ከርሞ እንጀራ ላይ ሚወጣው ዘር ነው፣ ግድግዳ ላይ ሲሆን ነው ስሙ ሚጠፋብንና "እርጥበት ነው" ምንለው። ዘሩ በአይን የማይታይ ብናኝ ነው፣ አየር ላይ ሁሌም አለ፣ አሁን ይሄን ስታነቡ ራሱ እየተነፈሳችሁት ነው። ስለዚ ዘሩን ከቤት አጠፋለሁ ብሎ መነሳት ከንቱ ድካም ነው። ለመብቀል ምግብና ውሃ ይፈልጋል፣ ምግቡ ደግሞ ሞልቷል፣ አቧራ፣ እንጨት፣ ካርቶን፣ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ግድግዳ ላይ ያለው ቀለም ሁሉ ይበላል። እኛ ልንነፍገው ምንችለው ውሃውን ብቻ ነው። የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰአት ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ አይሻግትም፣ ከዛ ካለፈ ግን ጀመረ በሉ።

አዲስ አበባ ላይ ለምን ይሄን ያህል እንደሚበዛ ለማወቅ የሽሮ ድስት ክዳን አስቡ። ክዳኑን ስታነሱት ከስሩ ውሃ ይንጠባጠብ የለ? እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ወደ ውሃ ስለሚመለስ ነው። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ቅዝቃዜውን አይከላከልም፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ የለችም። ውስጥ ግን አምስት ሰው ይተነፍሳል፣ ወጥ ይንተከተካል፣ ሻወር ይወሰዳል፣ ልብስ ሳሎን ውስጥ ይሰጣል። ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛ ጥግ ፈልጎ ይሄዳል፣ ከቁምሳጥን ጀርባ፣ ከአልጋ ራስጌ፣ ከመጋረጃ ስር፣ ከኮርኒስ ጠርዝ። አየር የማይነካው ቦታ ሁሉ የድስት ክዳን ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጤናው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 (በፈረንጆቹ) ስለ ቤት እርጥበትና ሻጋታ ብቻ አንድ መመሪያ አውጥቶ ነበር፣ እዛ ላይ በቂ ማስረጃ አለባቸው ብሎ የጠቀሳቸው ነገሮች ሳል፣ ሲተነፍሱ ሲር ሲር ማለት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአስም መባባስ፣ ከዛም አልፎ አስም ያልነበረበት ሰው ላይ አስም መጀመር፣ የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ምናምን ናቸው። በኛ ቋንቋ ስንተረጉመው እነዛ ክረምት በመጣ ቁጥር "ሳይነሴ ተነሳ" ምንላቸው፣ ጠዋት ስንነሳ አስር ጊዜ ሚያስነጥሰን፣ አፍንጫ ሚደፍነው፣ አይን ሚያሳክከው ነገር ሁሉ ብርድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጤነኛ ትልቅ ሰው አንዳንዴ ምንም ላይሰማው ይችላል፣ ለዛ ነው አባወራው "እኔን ምንም አላረገኝም" ብሎ ሚከራከረው፣ ህፃናት፣ አስም ያለባቸው፣ አለርጂክ የሆኑና ሽማግሌዎች ላይ ነው ሚከፋው። ከነሱ በላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ሚያስፈልጋቸው አሉ፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ሚወስዱ፣ ኩላሊት የተተከለላቸው፣ በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የወረደ ሰዎች፣ ቲቢ ታመው ድነው ሳንባቸው ላይ ክፍተት የቀረባቸውም እንደዛው፣ ምክንያቱም አስፐርጂለስ የሚባለው የሻጋታ ዓይነት እዛ ክፍተት ውስጥ ገብቶ መብቀል ይችላል። እነዚ ሰዎች ሻጋታ አጽጂ እንዳይባሉ፣ ሲጸዳም እዛ ክፍል እንዳይገቡ።

እንዴት ታውቂያለሽ ካላችሁኝ ቀላሉ መፈተኛ ከቤት መውጣት ነው። የኔ ልጅ አዳማ አክስቱ ጋር ሳምንት ከርሞ አንድ ቀን አልሳለም፣ ቤት በገባ በሁለተኛው ሌሊት ጀመረው። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሐኪም ጋ ስወስደው ይሄንኑ ነገርኩት፣ ግድግዳውን በስልኬ ፎቶ አንስቼ አሳየሁት፣ ከዛ በፊት ያልተጠየቅኩት ጥያቄ ሁሉ በዛ ተጀመረ፣ አስም ነው ተባለና ፓፍ (በአፍ ሚሳብ መድኃኒት) ታዘዘለት፣ አጠቃቀሙን ከነ ስፔሰሩ፣ ፓፉ ላይ ከሚገጠመው ቱቦ ጋር ማለት ነው፣ አሳዩን። እናንተም ሐኪም ጋ ስትሄዱ "ሳል" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፣ ቤታችን ሻጋታ አለው በሉ፣ ካልነገራችሁት በምን ያውቃል።

እዚጋ ግን በጣም ሚያሳስበኝ ነገር አለ። ይሄን አንብባችሁ ሳል ሁሉ ሻጋታ ነው እንዳትሉኝ። እኛ ሀገር 2 ሳምንትና ከዛ በላይ የቆየ ሳል መጀመሪያ ቲቢ መመርመር አለበት፣ በተለይ ማታ ማላብ፣ ኪሎ መቀነስ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካለ አንድ ቀን አታሳድሩት። ልጅ ከሆነ ደግሞ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ካለ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ ስር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጥባት ወይ ማውራት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፣ ዳማከሴ ፍለጋ ጎረቤት አይኬድም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሚያጋንኑም አሉ፣ ጥቁር ሻጋታ ካየህ አለቀልህ፣ ካንሰር ነው ምናምን ሚል ቪዲዮ ሞልቷል። ቀለሙ አደገኛነቱን አይናገርም፣ ጥቁርም ሆነ አረንጓዴ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው ሚጸዳው፣ ዓይነቱን ላስመርምር ብላችሁ ብር አታውጡ። አፍላቶክሲን የሚባለው፣ በርበሬና ለውዝ ላይ ሲወራ ምንሰማው መርዝ፣ የሻገተ እህል በመብላት ሚመጣ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከግድግዳው ጋር አታምታቱት። ግን ቀላል ነውም አትበሉ። እንግሊዝ ሀገር ሮችዴል ከተማ አዋብ ኢሻክ የሚባል የ2 ዓመት ህፃን በዲሴምበር 2020 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሞቶ በ2022 በተደረገው ምርመራ የሞቱ ምክንያት ቤታቸው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሻጋታ በመተንፈሱ የመጣ ከባድ የመተንፈሻ ችግር ነው ተባለ። አባትየው ገና በ2017 አመልክቶ ነበር፣ የተሰጠው መልስ ምን ይመስላችኋል? ቀለም ቀባበት። አከራዮቻችን እንግሊዝ ሀገር ተምረው ነው ሚመጡት እንዴ አስብሎኛል። አሁን በስሙ ሕግ ወጥቶ የማህበራዊ ቤት (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው በቅናሽ ሚከራይ ቤት) አከራዮች አስቸኳይ አደጋ በ24 ሰአት፣ ከባድ የሆነ እርጥበትና ሻጋታ ደግሞ በ10 የስራ ቀን ውስጥ መጥተው እንዲያዩ ይገደዳሉ።

እሺ፣ ውሃውን እንፈልግ። ይሄ ነው ትልቁ ስራ፣ እዚጋ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ቦታውን እዩት። እድፉ ኮርኒስ ላይ ወይ ግድግዳው አናት ላይ ሆኖ ቡናማ ክብ ክብ ከሰራ፣ ልክ ሲኒ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ከመሰለ፣ ከላይ ነው ሚመጣው፣ ወይ ቆርቆሮው ሚስማሩ ጋ ተበስቷል ወይ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ወደ ውስጥ እየገፋ ነው ወይ ከላይ ያሉት ጎረቤት ሻወር ያፈሳል። እድፉ ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ አንድ ሜትር አካባቢ ከቆመ፣ ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ጨው መሳይ ዱቄት ከወጣበት ደግሞ ከመሬት ነው ሚስበው፣ ምድር ቤት ያላችሁና የጭቃ ቤት ያላችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ጥግ ጥጉን፣ ከእቃ ጀርባ፣ የመስኮት ዳር ዳሩን ከያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን እንፋሎት ነው።

ካልለየላችሁ አንድ ዘዴ አለች፣ እኔን ከክርክር አውጥታኛለች። ግድግዳውን በጨርቅ አድርቃችሁ የመጽሐፍ ገጽ ሚያህል አልሙኒየም ፎይል አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉና ሁለት ቀን ተዉት። ውሃው ፎይሉ ላይ ወደ ክፍሉ ባለው በኩል ከታየ ከክፍሉ አየር ነው፣ ስታነሱት በግድግዳው በኩል ከረጠበ ደግሞ ከግድግዳው ውስጥ ነው ሚወጣው። ባለቤቴ የቧንቧ ነው ሲል እኔ የእንፋሎት ነው ስል ለሁለት ወር ተጨቃጭቀን ፎይሉ ሁለታችንም ልክ ነን አለን፣ በሁለቱም በኩል ረጥቦ ተገኘ።

ቧንቧ ከጠረጠራችሁ ሁሉንም ዝጉና ቆጣሪውን እዩ፣ ማንም ሳይጠቀም መርፌዋ ከዞረች የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሚመጣው አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ፣ ግድግዳው ውሃ በመጣ ቀን ብቻ ሚያላብ ከሆነ ግፊት ያለበት ቧንቧ ነው፣ ሰው ሻወር በወሰደ ቁጥር ከሆነ የፍሳሽ መስመር ነው፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከሆነ ጣራ ወይ የውጪ ግድግዳ ነው። ቀን ከነሰዓቱ ካላንደር ላይ ጻፉት። የኛ ሌሊት ሌሊት ነበር፣ ለካ ጣራው ላይ ያለው ሮቶ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ሞልቶ እየፈሰሰ በውጪ ግድግዳው ይወርድ ነበር፣ ውሃ ሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ተሰብሯል። ጠዋት ስንነሳ ደርቆ ስለሚጠብቀን አራት ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም።

ውሃው ከቆመ በኋላ ነው ጽዳት። ከመቆሙ በፊት ምታጸዱት ለልጆቹ ፋታ ለመስጠት ከሆነ እሺ፣ ግን ይመለሳል።

ሻጋታው ያለበት ቦታ ሲደመር ከአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካልበለጠ ራሳችሁ ትችሉታላችሁ። ከዛ በላይ ከሆነ፣ ኮርኒሱ ሙሉ ከሆነ፣ ወይ የፍሳሽ ውሃ የነካው ከሆነ ሚያውቅ ሰው ጥሩ። ልጆቹን ውጪ ላኩ፣ የክፍሉን መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ሌላው ክፍል ሚወስደውን በር ዝጉ። ከኮቪድ የተረፈ ኤን-95 ማስክ ካላችሁ አሁን ነው ቀኑ፣ ያ ሰማያዊው የቀዶ ጥገና ማስክ ብናኙን በደንብ አይዝም፣ ነጠላ አፍ ላይ ማሰርማ ጭራሽ አይረባም። ረጅም የላስቲክ ጓንት፣ ለአይንም መነጽር።

ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚጋ ነው፣ ደረቁን በመጥረጊያ ይጠርገዋል ወይ በቢላ ይፍቀዋል፣ ያኔ ያ ሁሉ ዘር ተነስቶ ሳንባችሁ ውስጥና ጎረቤት ክፍል ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ አርጥቡት። ሞቅ ያለ ውሃ በኦሞ ወይ በላርጎ አርጋችሁ በሚረጭ ጠርሙስ ቀስ ብላችሁ ርጩበት፣ ትንሽ ቆይቶ በጨርቅ ከውጪ ወደ መሃል እየሰበሰባችሁ አንሱት፣ ጨርቁን እያጠባችሁ መልሳችሁ አትጠቀሙ፣ አሮጌ ቲሸርት ቀዳዳችሁ አንዱን ስትጨርሱ ፌስታል ውስጥ ጨምራችሁ እሰሩት። ሁለቴ ሦስቴ ድገሙት፣ ከዛ በንጹህ ውሃ፣ ከዛ በደረቅ ጨርቅ። ሳሙናና ጉልበት ነው ስራውን ሚሰራው።

በረኪናስ? ሴራሚክ፣ መስታወት፣ ሲንክ ላይ እሺ። ልስን፣ እንጨት፣ ጂፕሰም ላይ ግን ላዩን ያነጣዋል እንጂ ውስጥ የገባውን አያገኘውም፣ ያ ንጣት ነው ሚያታልለን፣ "ጠፋ" ብለን ቁምሳጥኑን መልሰን እንገፋለን፣ ውሃው ደግሞ ወደ ውስጥ ሰርጎ እርጥበት ይጨምርለታል። ከተጠቀማችሁ በ1 ሊትር ውሃ ከ60 ሚሊ ሊትር አይበልጥ፣ አንድ የቡና ሲኒ ገደማ ማለት ነው፣ መስኮት ተከፍቶ። እባካችሁን ይሄን ደግሞ በትልቁ ያዙልኝ፣ በረኪናን ከአቼቶ ጋር፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር፣ አሞኒያ ካለበት ነገር ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ ክሎሪን ጋዝና ሌላም መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሁለቱም ሲደመር ይበረታል ብሎ ቀላቅሎ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ ሚፈትግ ሰው አውቃለሁ፣ እግዜር ነው ያወጣው። አቼቶ ለብቻው ትንሽ ነጠብጣብ ላይ ይረዳል፣ ግን በረኪና በነካው ቦታ ላይ በዛው ቀን አይሆንም።

ጣት ሲነካው ሚፈረፍር ልስን መነሳት አለበት፣ አጥቦ ማዳን የለም። የሻገተ ስፖንጅ ፍራሽ፣ የራሰ ካርቶን፣ ያበጠ ቺፑድ ቁምሳጥን ጀርባ፣ አሮጌ ቤት ያላችሁ ደግሞ የአቡጀዴ ኮርኒስ፣ እነዚን ጣሏቸው፣ አውቃለሁ ፍራሽ ውድ ነው፣ ግን የልጅ ፊት ስምንት ሰአት ሙሉ ሚያርፍበት ነገር ነው። ልብስ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይድናል። ያቺ ነጠላዬ ሽታዋ ለቋል፣ ነጠብጣቡ ግን እስከ ዛሬ አለ። መጽሐፍና ጫማ ውጪ አውጥታችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉና ፀሐይ አስመቷቸው፣ ቤት ውስጥ አታራግፉ።

ማድረቅን በተመለከተ አንድ ነገር፣ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ በር ዘግቶ ግድግዳ ማድረቅ የለም። ግድግዳው ሳይደርቅ ሰው ይሞታል፣ የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም አይታይም፣ በየክረምቱ ሰው ሚወስደው እሱ ነው። ዕጣንም ሽታውን ነው ሚሸፍነው፣ አስም ላለበት ልጅ ጭራሽ ተጨማሪ ጭስ ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ቬንቲሌተር ካለ መስኮት ከፈት አርጎ መጠቀም ይቻላል፣ ከሌለ ጊዜ ነው መድኃኒቱ። ልስን ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፣ ሠራተኛው "ነገ ስቱኮ አረገዋለሁ" ካላችሁ እምቢ በሉ፣ እርጥብ ላይ የተቀባ ስቱኮና ፕላስቲክ ቀለም ወር ሳይሞላው እንደ እንጀራ አይን ይነፋና ይላጣል። ከመሬት ውሃ ሚስብ ግድግዳ ላይማ ፕላስቲክ ቀለም ውሃውን ውስጥ ነው ሚያስረው፣ አያቶቻችን ሚቀቡት ኖራ ይሻላል፣ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል፣ ሻጋታም አይወደውም። ከውጪ ደግሞ ግድግዳው ስር የተቆለለ አፈርና አሸዋ አንሱ፣ የዝናብ ውሃ ከቤቱ ሚርቅበት ቦይ ቅደዱለት።

እንፋሎቱን በተመለከተ እናቴን ማሳመን ነበር የከበደኝ። "መስኮት ከፍተሽ ልጁን በብርድ ልትገይው ነው?" ነው ምትለኝ። "እማዬ እሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ነው ምከፍተው፣ ሲመጣ ዘግቼ እጠብቀዋለሁ" ብያት ተስማማን። በቀን ሁለቴ፣ አስር አስር ደቂቃ፣ ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች አንድ ላይ ወለል አርጎ መክፈት ቀኑን ሙሉ አንዷን ገርበብ ከማረግ ይበልጣል። "ውጪው እራሱ እየዘነበ እንዴት ይደርቃል" ትሉ ይሆናል፣ ቀዝቃዛ አየር ብዙ ውሃ መያዝ አይችልም፣ ገብቶ ሲሞቅ የቤቱን እርጥበት ይጠጣና ስትከፍቱ ይዞት ይወጣል። ይሄ ለኛ ነው እንጂ ዱባይና ጅዳ ያላችሁ በሐምሌ መስኮት ብትከፍቱ እርጥቡን አየር ነው ምትጋብዙት፣ እናንተ የኤሲ ፊልተሩንና ውሃ ማፍሰሻ ቱቦውን አጽዱ። አሜሪካ ቤዝመንት ተከራይታችሁ ያላችሁም ዲሁሚዲፋየር (ከአየሩ እርጥበት ሚመጥ ማሽን) ያስፈልጋችኋል።

ሌላው ትንንሽ ነገር ነው። ድስት ክደኑ። እንጀራ ሚጋገርበት ቀን የወጥ ቤቱን በር ወደ ሳሎን ዝጉና መስኮቱን ክፈቱ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንፋሎቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ልብስ ኮሪደር ወይ በረንዳ ላይ፣ ግዴታ ቤት ውስጥ ከሆነ አንድ ክፍል ብቻ፣ በሩ ተዘግቶ መስኮቱ ተከፍቶ። ቁምሳጥንና አልጋ ከውጪ ግድግዳ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፣ ከተቻለ ደግሞ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ይዙሩ። የእርጥበት መለኪያ ትንሽዬ ዲጂታል እቃ ብታገኙ ግዟት፣ ከ60 በመቶ በታች ይሁን፣ ከ30 እስከ 50 ካገኛችሁማ እሰየው። አሸንዳ ግንቦት ላይ ነው ሚጸዳው፣ ሰኔ 12 ሲዘንብ አይደለም።

ከላይ ካለ ጎረቤት ከሆነ ሚመጣው በቁጣ አትውጡ። እኛ ጋ በሌላ ጊዜ የሻወር ፍሳሽ ሲወርድብን ባለቤቴ ወጥቶ ሊጮህ ሲል እኔ ቀደምኩት፣ "እትዬ እንደምን ዋሉ፣ ላስቸግርዎት ነው፣ አንዴ ወርደው የኛን ኮርኒስ ቢያዩልኝ" አልኳቸው፣ ወረዱ፣ አዩ፣ "ውይ በሞትኩት፣ ይሄ ሁሉ የኛ ነው?" አሉና በሦስተኛው ቀን ቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ካልሆነ ነው ወደ ማህበሩ ኮሚቴ ፎቶውንና የጻፋችሁትን ቀን ይዛችሁ ምትሄዱት።

ለተከራዮች ደግሞ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል፣ ስለዚ ከመፈረማችሁ በፊት ግድግዳውን በደንብ እዩ፣ ሁለት ክረምት ነው ምታሳልፉበት። ደላላው ቀን በፀሐይ አስጎብኝቶ ያስቸኩላችኋል፣ እናንተ ግን ከዝናብ ማግስት ጠዋት፣ መስኮቱ ሳይከፈት ግቡና መጀመሪያ አሽትቱ። አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ጠይቁ። መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፉ፣ የሲንኩን ስር ከፍታችሁ እዩ፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ፈልጉ። የድሮው ተከራይ ቁምሳጥን ገና ካልወጣ ደግሞ ይቅርታ ጠይቃችሁ ትንሽ ሳብ አርጉት፣ እምቢ ካሉ በስልካችሁ ባትሪ ከጎን አብሩበት።